የደረቀው ዳቦ በረካ፦ ከካይሮ የሰፈር ምድጃ



ስለ ካይሮ የሚጽፍ ሰው ብዙውን ጊዜ ከፒራሚዶቹ ወይም ከዐባይ ወንዝ ይጀምራል። እኔ ግን ዛሬ ይዣችሁ የምሄደው ወደ አንድ ጠባብ መንደርና በመንደሩ መካከል ወዳለ የዳቦ ምድጃ ነው። በዚያ ምድጃ የተጋገረ አንድ ትሪ አትክልት፣ በመድረሳም ሆነ በመንግሥት ትምህርት ቤት ስማረው ኖሬ በቅጡ ያልገባኝን ነገር አስተማረኝ። ነገሩ የአላህን (ሱ.ወ.) ኒዕማ አክብሮ ስለመያዝ ነው።

ደርብ አል-አሕመር

እ.ኤ.አ. በ2019 ባለቤቴ በአል-አዝሀር ትምህርቱን በመከታተል ላይ ነበር። እኔም ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቄ፣ ሕፃን ልጃችንን ይዤ ለጥቂት ወራት ተከተልኩት። የተከራየነው ቤት ደርብ አል-አሕመር በሚባለው ጥንታዊ ሰፈር ውስጥ ነበር። ሰፈሩ ከአል-አዝሀር መስጂድ በስተደቡብ ተዘርግቶ ወደ ሰላሐዲን ምሽግ ያመራል። በአንድ ጫፉ ባብ ዙወይላ የተባለው ትልቁ የከተማ በር ቆሟል። በሩ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1092 ሲሆን፣ በላዩ ላይ የሚታዩት ሁለት ሚናራዎች ግን ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ከጎኑ የታነፀው የሙአየድ መስጂድ ናቸው። ከበሩ ወጣ ሲሉ የድንኳን ሰፊዎቹ ገበያ ይገኛል። ረመዳን ሲቃረብ ደግሞ የበሩ አካባቢ በፋኖስ ሠሪዎችና በፋኖስ ገዢዎች ይሞላል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ይህ አካባቢ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ970 መታነጽ በጀመረው አል-አዝሀር ከየአገሩ የሚመጡ ተማሪዎች «ሪዋቅ» የሚባል የየራሳቸው ማደሪያና መማሪያ ነበራቸው። ከእኛ የአፍሪካ ቀንድ ለሚሄዱት የተመደበው «ሪዋቅ አል-ጀበርት» ይባል ነበር። ታላቁ የታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (እ.ኤ.አ. 1753–1825) የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው ከዚሁ ከእኛ ቀንድ ነው፤ ቤተሰቡም የዚህ ሪዋቅ ኃላፊ ነበር። ፈረንሳዮች በ1798 ግብፅን ሲወሩ በዓይኑ ያየውን የጻፈው እርሱ ነው። በመጽሐፉ የነገሥታቱን ውሎ ብቻ ሳይሆን የእህል ዋጋ ሲወጣና ሲወርድም መዝግቧል።

በሪዋቆቹ ለሚኖሩ ተማሪዎች ከወቅፍ ገቢ የዳቦ ራሽን ይሰጣቸው ነበር፤ ስሙም «ጂራያ» ይባል ነበር። ከአገራችን በእግርና በመርከብ ተጉዞ ለዒልም የሄደው ደረሳ የኖረው በዚያ ዳቦ ነው። ይህን ባለቤቴ ሲነግረኝ «ማሻአላህ» ብዬ አለፍኩት። እንዲህ እያልኩ በዚያው ሳምንት ምን እንዳደረግኩ ደግሞ ላውጋችሁ።

«ኹብዝ» ብጠይቅ «ዐይሽ» ተባልኩ

በመጀመሪያው ቀን ዳቦ ልገዛ ወጣሁና በመድረሳ በተማርኩት ዐረብኛ «ኹብዝ አለ?» ብዬ ጠየቅኩ። ሻጩ ልጅ ፈገግ ብሎ «ዐይሽ?» ሲል መለሰልኝ። በመጽሐፍ ዐረብኛ ዳቦ ኹብዝ ነው፤ ግብፆች ግን ዐይሽ ይሉታል። ቃሉ መኖር፣ ሕይወት ማለት ነው። «ዐይሽ በለዲ» የሚባለው ዳቦ ክብ፣ ውስጡ እንደ ኪስ ክፍት የሆነ፣ ፉርሽካው ተጠርጎ ካልወጣ ዱቄት የሚጋገር ነው። ወጣቶች በእንጨት ርብራብ ላይ ደርድረው፣ ርብራቡን በራሳቸው ተሸክመው በብስክሌት በመኪናው መካከል ሲሹለከለኩ ማየት ለእንግዳ ሰው ያስደነግጣል።

መንግሥት የሚደጉመው ይህ ዳቦ እኔ በነበርኩበት ጊዜ አንዱ 5 ቂርሽ ነበር። ዋጋው ከሠላሳ ዓመት በላይ ሳይለወጥ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በጁን 2024 ወደ 20 ቂርሽ ከፍ ብሏል። የራሽን ካርድ ያለው ቤተሰብ ለአንድ ሰው በቀን 5 ዳቦ የማግኘት መብት አለው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1977 ድጎማው ሊቀነስ ነው በተባለ ጊዜ ሕዝቡ ሁለት ቀን አደባባይ ወጥቶ፣ የሰው ሕይወትም ጠፍቶ፣ መንግሥት ውሳኔውን ሰርዟል። በ2011ዱ አብዮትም ሰልፈኛው ካሰማቸው መፈክሮች በአንደኛው የመጀመሪያው ቃል «ዐይሽ» ነበር። ዳቦን ሕይወት ብሎ የሚጠራ ሕዝብ ነገሩን በቀልድ አያየውም።

ቆሻሻ ውስጥ የተገኘው ዳቦ

የቤቱ ባለቤት ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው፣ ባላቸው የሞቱባቸው እናት ነበሩ። ሐጅ ስላደረጉ ሰፈሩ ሁሉ «ሐጃ» ይላቸዋል፤ እኛም እንዲሁ። እርሳቸው ከልጃቸው ቤተሰብ ጋር ከታች፣ እኛ ከላይ ነበርን።

ዳቦው በማግስቱ ይደርቃል። እኔም አራት ወይም አምስት የደረቁ ዳቦዎች ሰብስቤ ከቆሻሻ ጋር በአንድ ፌስታል አሰርኩና በደረጃው ሥር አስቀመጥኩት። ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። ሐጃ ዳቦዎቹን በነጠላ ይዘው ቆመዋል። ከላያቸው ላይ የሽንኩርት ልጣጩን አራግፈው፣ አንዱን ስመው ግንባራቸውን አስነክተው፣ «ሐራም ዐለይኪ ያ ቢንቲ» አሉኝ። «ነውር አይደለም ወይ ልጄ፣ እንዴት ጨከንሽ» እንደማለት ነው። አልተቆጡም፤ ድምፃቸውም ከፍ አላለም። ቀጥለው «እናትሽ ዳቦ ስትጥል አይተሽ ታውቂያለሽ?» ብለው ጠየቁኝ።

መልስ አጣሁ። ምክንያቱም እናቴ ዳቦ ስትጥል አይቼ አላውቅም። እንዲያውም ዳቦ በመሰብሰቧ ያሳፈርኳት እኔ ነኝ።

የእናቴ ፌስታል

እናቴ የወሎ ሰው ናት፤ ያደገችው ከሐይቅ አለፍ ብሎ ባለ የገጠር መንደር ነው። በ1977 ዓ.ም ድርቁ ወሎን ሲመታ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ስለዚያ ዘመን ብዙ አታወራም። ሁለት ታናናሾቿን በዚያ ዓመት እንደቀበረች የሰማሁት ከአክስቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን በቤታችን ፍርፋሪ መሬት አይወድቅም፤ ከወደቀም ይነሣል። እንጀራ ሲደርቅ ድርቆሽ ይሆናል፣ የድርቆሹ ዱቄት ሳይቀር ዶሮ ይበላዋል።

በ2005 ዓ.ም ከዩኒቨርሲቲ ስመረቅ ደሴ ላይ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ ድግስ ተደገሰ። እንግዳው ሲነሣ እናቴ ፌስታል ይዛ በየጠረጴዛው እየዞረች በግማሽ የተበላውን ዳቦ ትሰበስብ ጀመር። አብረውኝ የተመረቁ ጓደኞቼ ገና አልሄዱም ነበር። ፊቴ ጋለ። ጠጋ ብዬ «እማ፣ ተዪው፤ ሰው እያየሽ ነው፤ አታሳፍሪኝ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ፌስታሉን ከጠረጴዛ ሥር አስቀመጠችው። አንድም ቃል አልተናገረች።

ያ ነገር በሆዴ ሲኖር ስድስት ዓመት ያህል ሆኖት ነበር። ሐጃ በሬ ላይ ቆመው ያን ጥያቄ ሲጠይቁኝ ሁሉም ተመልሶ መጣ። ከዚህም የባሰው ደግሞ፣ በዚያው ሰዓት እናቴ ራሷ አድርቃ የላከችልኝ ድርቆሽ በሻንጣዬ ውስጥ መኖሩ ነው። የእሷን የደረቀ እንጀራ እንደ ወርቅ ደብቄ፣ የሰው አገር የደረቀ ዳቦ እጥላለሁ!

ቱርሊ

ሐጃ ግን ወቅሰው ብቻ አልሄዱም። «ነገ ረመዳን ይገባል፤ ከዐስር ሶላት በፊት ወደ ታች ነዪ፣ ይህ ዳቦ ምን እንደሚሆን አሳይሻለሁ» አሉኝ። ዘመኑ 1440 ሂጅራ ነበር።

በማግስቱ ስወርድ በትልቅ ገበቴ አትክልት ታጥቦ ጠበቀኝ። የሚሠሩት ምግብ «ቱርሊ» ይባላል። ስሙ የቱርክ ነው፤ ትርጉሙም ልዩ ልዩ፣ ድብልቅ ማለት ነው። ዑስማኒያዎቹ ግብፅን ለዘመናት ሲገዙ ካስቀሯቸው የወጥ ቤት ቃላት አንዱ ነው። ወቅቱ የሰጠውን አትክልት ሁሉ በአንድ ትሪ ደርድሮ በምድጃ ማብሰል ነው ሥራው። ድንች፣ ዝኩኒ፣ ካሮት፣ ፎሶሊያና ደበርጃን ይገባበታል። ሥጋ ያለው ሥጋ ይጨምርበታል፤ ሐጃ ግን ያለ ሥጋ ነበር የሚሠሩት።

ደበርጃኑን ከትፈው ጨው ነሰነሱበትና ለግማሽ ሰዓት ያህል ተዉት፤ ውሃውን ሲተፋ አጥበው ጨመቁት። ሽንኩርቱን በዘይት አቁላልተው፣ ነጭ ሽንኩርትና የተፈጨ ቲማቲም ጨምረው ስልስ አወጡ። ድንቹና ካሮቱ ለመብሰል ጊዜ ስለሚወስዱ ቀጭን ቀጭን ተደርገው ከታች ተነጠፉ፤ ፎሶሊያው ተከተለ፤ ቶሎ የሚበስሉት ዝኩኒና ደበርጃን ከላይ ሆኑ። ስልሱ ፈሰሰበት። ስንጾም ስለዋልን ጨውን የለኩት በመዳፋቸው ነበር፤ ሳይቀምሱ!

ከዚያ ወደ ደረቀው ዳቦ መጡ። ዳቦዎቹን አንድ በአንድ በብርሃን አገላብጠው አዩአቸው። የሻገተ ካለ አይሆንም፤ የሻገተ ዳቦ ሻጋታውን ቀርፎ መጠቀምም አይገባም፣ ውስጡ ዘልቆ ይገባልና። የደረቀ እንጂ ያልሻገተውን በሙቀጫ ወቀጡት። ደቀቅ ሲል፣ እንደ ዱቄት ሳይልም፣ አቆሙ። በዘይት፣ በተፈጨ ድንብላል፣ በጥቂት ከሙንና ጨው አሽተው በሌላ ሳህን አደረጉት።

እኔም «በቃ ገባኝ» ብዬ ሳህኑን አንሥቼ በትሪው ላይ ነሰነስኩት። ሐጃ ከልጅ ልጃቸው ጋር ሌላ ነገር እያወሩ ስለነበር አላዩኝም። ትሪውን ልጁ ተሸክሞ እኔ ተከትዬ ወደ ምድጃው ሄድን።

ፉርንና ፉርኖ

የሰፈሩ ምድጃ ከቤታችን ሁለት እጥፋት በኋላ ነበር። ግብፆች «ፉርን» ይሉታል። እኛ ደግሞ ዳቦውን «ፉርኖ» እንላለን። ሁለቱም ቃላት ምንጫቸው አንድ ነው፤ ላቲኖች ምድጃን የጠሩበት ቃል በግሪክ በኩል ወደ ዐረብኛ፣ በጣልያን በኩል ወደ እኛ መጣ። ከካይሮ ወደ ደሴ ቃሉ በሁለት መንገድ ዞሮ ተገናኘ ማለት ነው።

ምድጃው በጡብ የተሠራ፣ አፉ ዝቅ ያለ፣ ውስጡ ጥልቅ ነው። ጧት ዳቦ ሲጋገርበት ይውልና ከሰዓት በኋላ፣ ጡቡ ሙቀቱን እንደያዘ፣ የሰፈሩ ሴቶችና ልጆች የየቤታቸውን ትሪ ይዘው ይመጣሉ። ለምድጃው ሰው ጥቂት ይከፍላሉ። ቤት ውስጥ የጋዝ ምድጃ ያላቸው እንኳ በረመዳን ይመጣሉ፤ የጡብ ሙቀት ከላይም ከታችም እኩል ነውና። ትሪዎቹ ይመሳሰላሉ፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት ምልክት ያደርጋል። አንዱ ጥግ ላይ ቃሪያ ያቆማል፣ ሌላው ያልተላጠ ነጭ ሽንኩርት ይተክላል። የሐጃ ምልክት ሦስት ቃሪያ ነበር።

የምድጃው ሰው ትሪዬን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዳቦውን ማን አለበሰው?» አሉ። እኔ መሆኔን ስነግራቸው «ኢንሻአላህ ኸይር» ብለው በረጅሙ የእንጨት መቅዘፊያ ወደ ውስጥ ገፉት።

ሲወጣ ምክንያቱ ገባኝ። አትክልት በሙቀት ውሃ ያወጣል። ውሃው እንፋሎት ሆኖ ወደ ላይ ሲወጣ የዳቦ ፍርፋሪው ያንን ጠጥቶ ከሥር ሊጥ ሆነ፤ ከላይ ደግሞ አንድ ሰዓት ሙሉ እሳት ሲያየው ጠቁሮ ከሰለ። የምድጃው ሰው አዝነው «ልጄ፣ ዳቦው መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው። መጀመሪያ ትሪው ተከድኖ ይበስላል፤ ውሃውን ይጨርሳል። ከዚያ ይከፈታል፣ ዳቦው ይነሰነስበታል፣ ቡናማ እስኪሆን ብቻ ይቆያል» አሉኝ። ባዶ እጄን የምመለስ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ የመጀመሪያው የረመዳን ማፍጠሪያ ነው። እርሳቸው ግን የከሰለውን በቢላዋ ገፈው፣ ከራሳቸው መደርደሪያ ሁለት የደረቁ ዳቦዎች አንሥተው በመዳፋቸው ፈረፈሩና፣ ዘይት ጠብ አድርገው አዲስ ሽፋን አለበሱት። መልሰው አስገቡት። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ሲያወጡት ትሪው የንብ ቀፎ ይመስል ድምፅ ነበረው፤ ከላይ ያለው ዳቦ በዘይቱ እየተጠበሰ ይንጫጫል።

ገንዘብ ስሰጣቸው የትሪውን ብቻ ወሰዱ። የዳቦውን አልተቀበሉም።

ጥርስ ላለው ሰው

የመግሪብ አዛን ተሰምቶ በተምርና በውሃ ካፈጠርን፣ ከሰገድንም በኋላ ሴቶቹና ልጆቹ በአንድ ማዕድ ተሰበሰብን። ሐጃ በማንኪያቸው ከትሪው መካከል ሰነጠቁት። ኩርሽም ብሎ ተሰበረና ከሥሩ ቀይ እንፋሎት ወጣ። ከላይ ደረቅ፣ ከሥር ለስላሳ፤ ድንቹ የቲማቲሙን ኮምጣጣ ጠጥቷል፤ ደበርጃኑ እንደ ቅቤ ቀልጧል። ጥግ ጥጉ ላይ ያለው ሽፋን ደግሞ በትሪው ብረት ተጠብሶ ከሁሉም ይበልጣል። ልጆቹ ለእርሱ ይሻሙ ጀመር።

ሐጃ ግን የጥጉን ሽፋን በሙሉ እየቆረሱ በእኔና በልጆቹ ሳህን ላይ አደረጉት። ለራሳቸው መካከሉን፣ ለስላሳውን ወሰዱ። «እርስዎስ?» ብላቸው አፋቸውን ከፍተው ድዳቸውን አሳዩኝና ሳቁ። «ይህ ጥርስ ላለው ሰው ነው» አሉ። ሊበሉት የማይችሉትን ነገር ነው ከቆሻሻ አንሥተው፣ ወቅጠው፣ አሽተው ያዘጋጁት።

ያን ጊዜ ነው በመድረሳ የተማርኩት የገባኝ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የወደቀች ጉርሻ ተነሥታ፣ ጠርታ እንድትበላና ለሸይጧን እንዳትተው ማስተማራቸውን፣ በረካው በየትኛው የምግቡ ክፍል እንዳለ አናውቅምና ሳህን ጠርጎ መብላት እንደሚገባ መምከራቸውን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ለፈተናም ጽፌዋለሁ። ቁርኣንም አባካኞችን ከሸይጧን ጋር ወንድማማች እንደሚያደርጋቸው አውቃለሁ። ነገር ግን ሥርዓቱን የድሃ ሰው ሥርዓት አድርጌ ነበር የማየው፤ የተማረ ሰው፣ ያለው ሰው የሚያልፈው። ሐጃ ድሃ አልነበሩም፤ ቤት አከራይ ናቸው። ዳቦውን ያነሡት ስለቸገራቸው ሳይሆን ስለሚያከብሩት ነው። እናቴም በምረቃዬ ቀን ስለቸገራት አልነበረም።

በማግስቱ ከዚያው ትሪ የተረፈው አልተጣለም። በደረጃው ማዶ ብቻዋን ለምትኖር ጎረቤት በሳህን ሄደ። ሳህኑም ባዶውን አልተመለሰም፤ ትንሽ የሩዝ ገንፎ ይዞ መጣ። ወጥ ሲሠራ ውሃውን አብዝቶ ጎረቤትን ማስታወስ የሚለውን የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ምክር የካይሮ መንደር በትሪ ነበር የምትተረጉመው።

ድርቆሹ

በረመዳን አጋማሽ ላይ የማፍጠሪያውን ትሪ እኔ እንድሠራ ተራ ደረሰኝ። አትክልቱን እንደ ሐጃ ደረደርኩ፤ ትሪውን ከደንኩ። ለሽፋኑ ዳቦ ሳወጣ ግን ቤት ውስጥ የደረቀ ዳቦ አልነበረም። ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ስለተማርኩ የምንገዛው የምንበላውን ያህል ብቻ ነበር። ወዲያው ሻንጣዬን ከፈትኩና የእናቴን ድርቆሽ አወጣሁ። በእጄ አደቀቅኩት፣ በዘይት፣ በትንሽ በርበሬና በድንብላል አሸሁት፣ በፌስታል ይዤ ወደ ምድጃው ሄድኩ። ትሪው ሲከፈት ነሰነስኩት።

የጤፍ እንጀራ ኮምጣጣ አለው፤ ቀጭን ስለሆነም ከዳቦ ቶሎ ይጠበሳል። አሥር ደቂቃ በቃው። የምድጃው ሰው ቀለሙን አይተው «ይህ ደግሞ ምን ዐይነት ዐይሽ ነው?» ብለው ጠየቁ። «የእናቴ ዐይሽ ነው» አልኳቸው። ሐጃም ቀምሰው ዝም አሉና ለሁለተኛ ጊዜ ማንኪያቸውን ሰደዱ። ድርቆሹ ከዳቦ ይልቅ ሳሳ ያለ ስለሆነ ድዳቸው ችሎት ነበር።

በዚያች ሌሊት ከተራዊሕ በኋላ ለእናቴ ስልክ ደወልኩ። ስለ ሐጃ ነገርኳት፤ ስለ ትሪው ነገርኳት። ከዚያ ጉሮሮዬ እየተያዘ «እማ፣ በምረቃዬ ቀን ፌስታሉን ይዘሽ ስትሰበስቢ የተናገርኩሽን አውፍ በይኝ» አልኳት።

ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ድርቆሹ አልሻገተም አይደል?» አለችኝ።

«አልሻገተም እማ።»

«ደግ። ስትጨርሺ ሌላ አደርቅልሻለሁ።» ቀጥላም እየሳቀች «ፌስታሉን መቼ ጥዬው መጣሁ ብለሽ ነው? እናንተ ስትሄዱ ከጠረጴዛው ሥር አወጣሁት። በማግስቱ በቅቤና በበርበሬ ፈርፍሬ ቁርስ ያበላሁሽ እሱን እኮ ነው። ‹እማ፣ ዛሬ የሠራሽው ይጣፍጣል› ብለሽ ሳህኑን ጠረግሽው» አለችኝ። በመጨረሻም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አውፍ ብያለሁ፤ ያኔውኑ» አለች።

በቤታችሁ ለመሞከር

ውድ እናቶችና እህቶች፣ ወጣቶችም ጭምር፣ ምግቡ ከባድ አይደለም። ለስድስት ሰው አንድ ኪሎ ድንች፣ ግማሽ ኪሎ ዝኩኒ፣ ግማሽ ኪሎ ደበርጃን፣ ሦስት ካሮት፣ ሁለት እፍኝ ፎሶሊያ፣ ሁለት ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ አምስት ፍሬ ነጭ ሽንኩርትና አንድ ኪሎ ቲማቲም ይበቃል። ስልሱ ላይ አንድ ብርጭቆ ያህል ውሃ ጨምሩ። ኦቨን ያላችሁ አስቀድማችሁ ወደ 200 ዲግሪ አሙቁት፤ ትሪውን በፎይል ወይም በክዳን ሸፍናችሁ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት፣ ድንቹ በሹካ እስኪወጋ ድረስ ተዉት። ከዚያ ክፈቱት። ውሃ ከበዛበት ክፍት እንደሆነ ጥቂት ይቆይ። ሦስት የደረቀ ፉርኖ ዳቦ ወቅጣችሁ በሩብ ብርጭቆ ዘይት አሽታችሁ ነስንሱበትና ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መልሱት። ድርቆሽ ከሆነ ከ10 ደቂቃ በላይ አይፈልግም። ከወጣ በኋላ አትክደኑት፤ እንፋሎቱ ሽፋኑን ያርሰዋል።

ኦቨን የሌላችሁ አትክልቱን በድስት አብስሉ። ፍርፋሪውን ለብቻው በመጥበሻ በዘይት እያማሰላችሁ አድርቁትና ማዕድ ላይ ስትቀርቡ ከላይ አድርጉት። እንደ ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም ፍም አድርጎ መጋገርም ይቻላል፤ እናቶቻችን ከካይሮ ሳይማሩ የሚያውቁት ጥበብ ነው።

አሁን ወደ ማስተማሬ ተመልሻለሁ። ከምሳ ሰዓት በኋላ የክፍሉን የቆሻሻ ቅርጫት ሳይ በግማሽ የተገመጠ ዳቦ አላጣበትም። ልጆቹን አልቆጣም፤ እኔ ምን እንደነበርኩ አውቃለሁና። ሐጃ የጠየቁኝን ነው የምጠይቃቸው፦ «እናትህ ዳቦ ስትጥል አይተህ ታውቃለህ?» አብዛኞቹ መልስ ያጣሉ።

ከካይሮ ከተመለስኩ ወዲህ ለበዓል ደሴ ስሄድ ትሪ አሠራለሁ። እናቴም ጥርሷ እየሳሳ ነው። የጥጉን ኩርሽም የሚለውን እየቆረሰች ለልጄ ታቀብለዋለች፤ መካከሉን ለራሷ ታስቀራለች። ልጄ ፍርፋሪ ሲያንጠባጥብ ማንሣቱን የማስተምረው እኔ ነኝ፤ እሷ ዝም ብላ ታየናለች።

አላህ (ሱ.ወ.) የሰጠንን ኒዕማ የምናውቅ፣ የምናመሰግንና የማናባክን ያድርገን። በሕይወት ያሉትን እናቶቻችንን ዕድሜ ከዓፊያ ጋር ይስጥልን፤ አውፍታቸውን ሳንጠይቅ ያለፉብንንም በረሕመቱ ይቀበልልን። አሚን።